ክረምት ሲጠበቅ የከረመ ሥዕል



ከጥቂት ወራት በፊት ከተማሪዎቼ አንዱ «ኡስታዝ፣ የእረኛው ታሪክ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ። አፈርኩ። ታሪኩ በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ጨፋ ረግረግ ስለሚወርድ ልጅ ነው፤ በሥዕልና በአጭር ንግግር የሚነበብ፣ ኮሚክ የምንለው ዓይነት። 24 ገጽ ይሆናል ብዬ ነበር የጀመርኩት። በሦስት ዓመት የተሳለው 7 ገጽ ነው።

ምክንያቴ ሁልጊዜ «ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እጨርሰዋለሁ» የሚል ነበር። ክረምት ይመጣል፤ ሥልጠና አለ፣ የአባቴ ማሳ አረም አለ፣ ለቅሶ አለ። መስከረም ሲጠባ ወረቀቱ አቧራ ለብሶ ይጠብቀኛል። ጥቂትም ቢሆን የማይቋረጥ ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኑን የሚነግረንን ሐዲስ መድረሳ ውስጥ ስንቴ አስተምሬዋለሁ!

ለካ ሥራውን በጅምላ ነበር የማየው። አንድ ገጽ አራት ሥራ ነው፤ ክፍሎቹን በትንሽ ወረቀት ማሰብ፣ በእርሳስ መንደፍ፣ ንግግሩን መጻፍ፣ በቀለም ማጥቆር። እያንዳንዱ ለአንድ ማለዳ ይበቃል። ስለዚህ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ልጆቹ ሳይነሡ፣ 40 ደቂቃ መደብኩለት። አራት ማለዳ አንድ ገጽ ይሰጣል። ፈተና በማርምበት ሳምንት ቀለም አልነካም፤ ንግግሩን ብቻ አቃናለሁ።

ማታ የማልሞክረው መብራት ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። አንድ ሰሞን ከዒሻ በኋላ ስስል ባለቤቴ «ቤትህ ያለን አንመስልህም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያ ሰዓት የእነሱ ነበር። አሁን ንድፉን ቀድማ የምታየው እሷ ናት። ሁለት ገጽ አስጥላኛለች፣ ያውም የምወዳቸውን።

ነፍስ ያለውን መሳልን በሚመለከት ዑለማዎች እንደሚለያዩ አውቃለሁ። እኔ ሸኼን ጠይቄ ነው የያዝኩት፤ አንባቢም የራሱን ዓሊም ይጠይቅ።

«ደመወዝተኛ ሆኖ ኮሚክ ማን አሳተመ?» ለሚለኝ፣ ሃርቪ ፒካር የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በክሊቭላንድ ከተማ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. «አሜሪካን ስፕሌንደር» የተባለውን ኮሚክ በራሱ ገንዘብ ማሳተም ጀመረ፤ ሥራውን ግን በ2001 እ.ኤ.አ. ጡረታ እስኪወጣ አልለቀቀም። የሚገርመው መሳል አይችልም ነበር! እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ሰዎች እየሞነጫጨረ ለሠዓሊዎች ይሰጣል። ታሪኩንም ከዚያው ከመዝገብ ቤቱ ውሎ ይቀዳ ነበር፤ ጊዜውን የበላበት ሥራ መልሶ ታሪክ ሰጠው ማለት ነው። በአማርኛ አይሆንም ለሚሉም በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የብስራት ደበበ «ጀምበር» አለ፤ ጀግናው አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው።

በስሌቴ መሠረት አሁን 16ኛው ገጽ ላይ መሆን ነበረብኝ። ያለሁት 13ኛው ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ለዚያ ተማሪ አሳየሁት። ገጹን አገላብጦ አየና «ኡስታዝ፣ የአፋር ከብት ቀንድ ከዚህ ይረዝማል» አለኝ። ልክ ነው። ነገ ከሱብሒ በኋላ የማስተካክለው ቀንዱን ነው፣ ኢንሻአላህ።