ውሃውን ሳትጠይቁ አትግቡ

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ድፎ ዳቦና ለጥብስ የተሰናዳ ሥጋ ጭነን በሁለት መኪና ከኮሎምበስ አጠገብ ካለችው ደብሊን ወደ ክሊቭላንድ፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር ወዳለው ኤጅዋተር ተጓዝን። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር። ከሳምንት በፊት በዚያው ዳርቻ ልጆቹ ከውሃው አንወጣም ብለው አስቸግረውን ስለነበር፣ የ11 ዓመቱ ልጄ መኪናው እንደቆመ ጫማውን ጥሎ ሮጠ። እስከ ወገቡ ገባና ጠለቀ። ብቅ ሲል አፉ ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን የለውም። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ብቻ ይስባል፤ ዓይኑ እኔን ይፈልጋል። ከነልብሴ ገብቼ ሳወጣው እግሬን እስከ አጥንቴ ጠዘጠዘኝ። ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ነበር። ታዲያ ውሃውን ምን ነካው?

የነካው ነፋስ ነው። ኤሪ ከአምስቱ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ጥልቀቱ አነስተኛው ሲሆን አማካዩ 19 ሜትር ነው። በአሜሪካ በጋ የሞቀው ውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቃዛው ከሥር ይተኛል። በክሊቭላንድ ፊት ለፊት ያለው የሐይቁ ክፍል ከላይ ጠላ ከሥር አተላ እንደያዘ ጋን ነው። ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ የመጣ ነፋስ ሲበረታ፣ ምድር ስለምትሽከረከር የላይኛው ውሃ ከነፋሱ ወደ ቀኝ ያዘነብልና ከኦሃዮ ዳርቻ ይሸሻል። ቦታውን የሚሞላው ከሥር የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ለዚህ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ፀሐዩና ሰማዩ እንደ ትናንቱ ናቸው፤ ውሃው ግን ሌላ ነው።

እኔ ያደግሁት ቢሾፍቱ ነው። በብርዱ ወራት አንዳንድ ማለዳ በሐይቆቻችን ዳር የሞተ ዓሣ ነጭ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ እናገኝ ነበር። ትልልቆቹ “ሐይቁ ተቆጥቶ ነው” ይሉን ነበር። ቁጣ የመሰለን የውሃው መገላበጥ ነው፤ ላዩ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲያናውጠው ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ውሃ ወጥቶ ዓሣውን ያፍነዋል። በፈረንጆች 2012 በመስከረም መጀመሪያ ላይ በኤሪ የካናዳ ዳርቻም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓሦች ሞተው ተገኝተዋል። ምክንያቱ ያው ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ወደ ዳር መውጣቱ ነበር።

ለሰው ግን አደጋው ቅዝቃዜው ነው። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር በኃይል ይስባል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ልቡ በኃይል ይመታል። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የምንለው ይህን ነው።

ስለዚህ በኮሎምበስና በአካባቢዋ የምንኖር ወገኖቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሽርሽር ስናዘጋጅ ሁላችንም የምናየው የአየሩን ትንበያ ነው። የአየሩ ሙቀት ስለ ውሃው ብዙም አይነግረንም። የክሊቭላንዱ የብሔራዊ አየር ትንበያ ቢሮ የሐይቁን ሁኔታ በየቀኑ ያወጣል፤ ዳርቻው አደገኛ ሲሆንም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሐይቁ ላይ የተተከሉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎችም የውሃውን ሙቀት ስልካችን ድረስ ያደርሱልናል። ይህን ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዳርቻው ከደረስን በኋላም ልጆቻችን ዘለው አይግቡ። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ እጅ፣ ከዚያ ፊት ይርጠብ። ድንገት የቀዘቀዘው ሰው ለመዋኘት አይታገል፤ በጀርባው ተንሳፍፎ ትንፋሹ እስኪረጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ይታገሥ። ዋና የማይችል ልጅ ላይፍ ጃኬት ይልበስ። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ያደግን ነን፤ ልጆቻችንን ማስተማር ግን አልረፈደብንም።

ለማኅበርም ሆነ ለሰንበት ትምህርት ቤት ጉዞ ማን እንጀራ፣ ማን ለስላሳ እንደሚያመጣ አስቀድመን ተራ እናወጣለን። በዚያው ወረቀት ላይ አንድ መስመር እንጨምር፤ “ውሃውን የሚያይ” ብለን የአንድ ሰው ስም እንጻፍበት። የዘንድሮው ተራ የእኔ ነው።