የከተማ አውቶቡስ ጉዳይ የሠራተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው

የከተማ አውቶቡስ ነገር በስብሰባ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ከአንድ ቁጥር ይጀምርና በዚያው ቁጥር ላይ ያበቃል። ስንት አውቶቡስ ተገዛ? ስንትስ ሊገዛ ታቅዷል? ሪባን ይቆረጣል፤ በአደባባይ የተደረደሩት አዳዲስ ተሽከርካሪዎች ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ነዋሪውም በተስፋ ያጨበጭባል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያው ነዋሪ በዚያው ፌርማታ ላይ፣ ከቀድሞው በረዘመ ሰልፍ መጨረሻ ቆሞ ይገኛል። ይህ ለምን ይሆናል? በእኛ አመለካከት መልሱ የሚገኘው በግዥው ሰነድ ውስጥ አይደለም። ማለዳ ከዴፖው በር በሚወጣውና በግቢው ውስጥ ቆሞ በሚቀረው አውቶቡስ መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው።

በቅድሚያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ በግልጽ መታወቅ አለበት። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ የሚከናወነው በእግር ነው። የግል መኪና ያለው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ስለ መንገድ በሚነሣው ክርክር ውስጥ ድምፁ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የዚሁ ጥቂት ነው። ከየካ አባዶ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ወደ መርካቶና ወደ ሜክሲኮ የሚጓዘው ሠራተኛ ግን ስለ ጊዜው የሚከራከርለት የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሰልፍ ላይ የሚያልፈው ሰዓት በየትኛው መዝገብ ይሰፍራል? አንድ ሠራተኛ በጉዞ ላይ የሚያሳልፈው ሳይቆጠር፣ በመጠበቅ ብቻ ጠዋትና ማታ ተደምሮ በቀን አንድ ሰዓት ቢያጣ፣ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ከሆነ በዓመት 300 ሰዓት ገደማ ያጣል። ይህም ከ37 የሥራ ቀናት በላይ መሆኑ ነው። ከእረፍቱ፣ ከልጆቹና ከማታ ትምህርቱ የተወሰደ፣ ማንም ያልከፈለበት የሥራ ወር ማለት ነው።

የአገልግሎቱ ታሪክ ራሱ ትምህርት ሰጪ ነው። አንበሳ አውቶቡስ በ1930ዎቹ ዓ.ም.፣ ጣሊያን ትቷቸው በሄደ ጥቂት ተሽከርካሪዎች ሥራውን ጀመረ። በ1940ዎቹ ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ሲለወጥ ዋነኛው ባለድርሻ የንጉሣዊው ቤተሰብ ነበር፤ ሠራተኛው የሚሳፈርበት አውቶቡስ ትርፉ ወዴት ይሄድ እንደነበር ከዚህ መረዳት አያዳግትም። በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ይዞታ ሥር ሆነ። ባለቤትነቱ ሲለወጥ የአገልግሎቱ ዓላማ መለወጡ አይካድም። ይሁንና ባለቤትነት ብቻውን የፍሬን ሸራ አይቀይርም። ሕዝባዊ ንብረት የሆነ አውቶቡስ ያለ ዘይትና ያለ ፊልትሮ ከሠራ የሚቃጠለው እንደ ማንኛውም አውቶቡስ ነው፤ ለሕዝባዊነቱ ሲል ሞተሩ የሚያደርግለት ምሕረት የለም።

ተጨባጩን ሁኔታ እንመልከት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ በሜዳማ አገር ታስቦ የተሠራ ሞተር እዚህ ሲመጣ ያንኑ ጭነት ለመጎተት ይቸገራል፣ ይጨሳል፣ ነዳጅ ያባክናል። ከለገሃር ተነሥቶ በፒያሳና በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ የሚደርስ አውቶቡስ መንገዱ በሙሉ ዳገት ነው፤ ሲመለስ ደግሞ ቁልቁለቱን በፍሬን ይዞ ይወርዳል። ፍሪሲዮኑ በመውጣት፣ ሸራው በመውረድ ያልቃል። ሠላሳ ሰው ተቀምጦ፣ ሰባ ሰው ቆሞ እንዲጓዝ በታሰበበት ተሽከርካሪ ውስጥ በጠዋቱ ሰዓት ከዚያ በላይ ሰው ሲታጨቅበት ደግሞ ባሌስትራው ይሰበራል፣ በሮቹ ይላቀቃሉ፣ ጎማው ከዕድሜው በፊት ይበላል። በየፌርማታው መቆምና መነሣቱም አለ። የከተማ አውቶቡስ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ አይደለም፤ አጭር መንገድ ሄዶ ብዙ ይደክማል።

ስለዚህ የጥገና ጉዳይ ከግዥ ቀጥሎ የሚመጣ ትርፍ ነገር ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። እዚህ ላይ ከሁሉ የከፋ ሆኖ የሚታየን በየጊዜው ከልዩ ልዩ አገር፣ ልዩ ልዩ ዓይነት ተሽከርካሪ የማስገባት ልማድ ነው። በከተማችን ጎዳናዎች ላይ ሜርሴዲስ፣ ዳፍ፣ ኋላም እዚሁ አገር የተገጣጠመው ቢሾፍቱ እየተተካኩና እየተቀላቀሉ ሠርተዋል። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ መለዋወጫ፣ የራሱ መፍቻ፣ የራሱ የሠለጠነ መካኒክ ያስፈልገዋል። የአንዱ ካምቢዮ ለሌላው አይሆንም። መለዋወጫው በሰዓቱ ካልደረሰ መካኒኩ የሚቀረው ብቸኛ ዘዴ ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው መግጠም ነው፤ በዚህም ዛሬ አንድ አውቶቡስ ሲድን ነገ ሁለት ይቆማሉ። መካኒኩን ለዚህ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። መስከረም 2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች አገልግሎት የጀመረው የከተማችን ቀላል ባቡርም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ከፊሉን ለማቆም መገደዱ፣ ችግሩ የአውቶቡስ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

በውጭ አገር በተማርንበት ወቅት ደጋግመን ያጠናነው አንድ ምሳሌ አለ። ሃንጋሪ ኢካሩስ የተባለውን አውቶቡስ በጅምላ ታመርት ነበር፤ በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ምርቱ በዓመት ከ12,000 በላይ ደርሶ ነበር። የቡዳፔስት ከተማ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በዋነኛነት የሠራችው በእነዚሁ በአንድ ቤተሰብ አውቶቡሶች ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ ከመንገድ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ነው። ምርጥ አውቶቡስ ስለነበሩ ነውን? አይደለም፤ ጫጫታቸውና ጭሳቸው የታወቀ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ጋራዥ ያውቃቸዋል፣ መለዋወጫቸው በመደርደሪያው ላይ አለ፣ በዕድሜያቸው አጋማሽ ላይም ተፈትተው ይታደሱ ነበር። እኛ ከዚህ የምንወስደው አውቶቡሱን ሳይሆን የመደርደሪያውን ነገር ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎች በሹክሹክታ የሚያልፉት ጥያቄም ይኸው ነው። የአውቶቡስ ታሪፍ ከወጪው በታች እንዲሆን መደረጉ ትክክል ነው እንላለን። አነስተኛ ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ወደ ሥራው ሄዶ መምጣት መቻሉ የሚጠቅመው እርሱን ብቻ ሳይሆን ፋብሪካውንም፣ መሥሪያ ቤቱንም፣ ሱቁንም ነው። ነገር ግን ታሪፉ ዝቅ ሲል በታሪፉና በወጪው መካከል ያለው ልዩነት በአስማት አይጠፋም፤ ከፋይ ያስፈልገዋል። የከተማው በጀት በወቅቱና በሙሉ ካልከፈለው ከፋዩ አውቶቡሱ ራሱ ይሆናል። መቀየር የነበረበት ጎማ ሳይቀየር ይቆያል፤ መታደስ የነበረበት ሞተር እስኪቆም ይነዳል፤ ለአዲስ አውቶቡስ መግዣ መቀመጥ የነበረበት ገንዘብ ለነዳጅ ይውላል። በዚህ ዓይነት የሚደረግ ድጎማ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም፤ የሚታየው በዴፖው ግቢ ውስጥ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ተሽከርካሪ ስናይ ነው።

ችግሩ በቅርብ ዓመታት ተባብሷል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አጠቃላይ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ለሕዝብ ማመላለሻዎች የተለየ ድጎማ መደረጉ ይታወቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጎማውም፣ ፓምፓውም፣ ካምቢዮውም የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው። በብር የሚሰበስብና ለመለዋወጫ በዶላር የሚከፍል ድርጅት ልዩነቱን ከየት ያመጣል? ይህን ጥያቄ በበጀት ወቅት በግልጽ የማያነሣ ሰው፣ በኋላ ስለ ሰልፉ መርዘም ቢናገር ንግግሩ ፍሬ አይኖረውም።

ስለ መንገዱም አንድ ቀላል ሒሳብ እናቅርብ። አንድ መስመር ደርሶ መልሱ 60 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ፣ በየ10 ደቂቃው አውቶቡስ እንዲገኝ 6 አውቶቡሶች ይበቃሉ። በመኪና መጨናነቅ ምክንያት ያው ደርሶ መልስ 90 ደቂቃ ቢፈጅ 9 ያስፈልጋሉ። ሦስቱ ተጨማሪ አውቶቡሶች አንድም ተጨማሪ መንገደኛ አላመላለሱም፤ የተገዙት በመጨናነቁ ውስጥ ቆመው እንዲጠብቁ ነው። ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር ቀለም፣ ድንጋይና ደንብ አስከባሪ ይፈልጋል፤ ከሦስት አውቶቡስ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንድ ሰው የያዘ መኪና መቶ ሰው ከያዘ አውቶቡስ እኩል መብት አለው የሚል አስተሳሰብ ፍትሕ መስሎ የሚታይ አድልዎ ነው። እርግጥ ሚኒባሶቹም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በደርግ ዘመን ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡበት ሕዝቡ «ውይይት» ብሎ የሰየመው ታክሲ አውቶቡስ ያልደረሰበትን መንደር ያገለግል ነበር፤ የዛሬው ሚኒባስም እንዲሁ። ነገር ግን አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ ተሽከርካሪ የመቶውን ሥራ እንዲሠራ ሲጠየቅ ስምንት ሆኖ ይመጣል፤ መንገዱም በዚያው መጠን ይጠባል።

በመጨረሻ የሚቀረው የነዋሪው ድርሻ ነው። የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ማኅበራትም ሆኑ እድሮች ለአስተዳደሩ በሚያቀርቡት አቤቱታ «አውቶቡስ ይጨመርልን» ከሚለው ዐረፍተ ነገር አያልፉም። ይህ ጥያቄ ለመላሹ እጅግ ይመቻል፤ «ግዥ በሂደት ላይ ነው» ብሎ መመለስ ይቻላልና። አንድ ማኅበር ግን ከአባላቱ ሁለት ሰው መድቦ፣ ለአንድ ወር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ፌርማታው ላይ የደረሰውን አውቶቡስ በደብተር ቢመዘግብ፣ ስንት ደቂቃ ልዩነት እንደነበረው፣ ስንቱ ሞልቶ ሳይቆም እንዳለፈ ቢያሰፍር፣ ከሾፌሩና ከትኬት ቆራጩም ስለ መኪናው ሁኔታ ቢጠይቅ፣ በእጁ የሚይዘው አቤቱታ ሳይሆን ማስረጃ ይሆናል። ሾፌሮቹ ስለ ፍሬኑ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው። ያን ደብተር የያዘ ማኅበር ወደ ስብሰባው ሲገባ ስለ ግዥ አይጠይቅም። በመስመራችን ከተመደቡት አውቶቡሶች ዛሬ ጠዋት ስንቱ ወጡ፣ ያልወጡት በምን ምክንያት ቆሙ፣ የጎደለውስ መለዋወጫ ስሙ ምንድን ነው፣ መቼ ታዘዘ ብሎ ይጠይቃል።