በሞተር ሆድ ስለ ተሸሸገው የፕላስቲክ ቧንቧ

አንድ ዕቃ የሚበላሽ መሆኑን ሳያውቅ የገጠመ ሰው ቢሳሳት ይቅር ይባላል። የሚበላሽ መሆኑን አውቆ፤ የሚበላሽበትንም ጊዜ ገምቶ፤ ያንኑ ዕቃ መልሶ የሚገጥም ሰው ግን ምን ተብሎ ይጠራል? ጋራዥ ስለ ከፈተና ቱታ ስለ ለበሰ መካኒክ ይሉታል። እኔ ግን ይህ ሰው መኪናውን አድሷል ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ስም ስፈልግለት ከመድከም ይልቅ ሥራውን ገልጬ ላሳይ፤ ስሙን አንባቢ ራሱ ይስጠው።

በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዞቹ የጃጓርና የላንድ ሮቨር ፋብሪካ ባለ 5 ሊትርና ባለ ስምንት ሲሊንደር፤ በሱፐርቻርጀር የሚታገዝ ሞተር በትልልቆቹ መኪናዎቹ ላይ አወጣ። ኃይሉም በመጀመሪያው ጊዜ 510 የፈረስ ጉልበት ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ባለ 3 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር ታናሽ ወንድም ተጨመረለት። ሱፐርቻርጀር ማለት ሞተሩ ራሱ በቺንጋ እያዞረው አየር አጭቆ ወደ ሲሊንደር የሚሰድ መሣሪያ ነው። ብዙ አየር በገባ መጠን ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል፤ ብዙ ቤንዚን በተቃጠለ መጠን ብዙ ኃይል ይወጣል፤ ከኃይሉ ጋራ ግን ሙቀቱም አብሮ ይበዛል። ያን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ራዲያተር የሚያደርሰው ውሃ ነው።

እንግዲህ ይህ ውሃ የሚመላለስባቸው ቧንቧዎች ከምን የተሠሩ ይመስላችኋል? ግንዱ አሉሚኒየም ነው፤ ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው፤ ከፊት ለፊት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሻገረው ቧንቧና ከኋላ በሱፐርቻርጀሩ ሥር የተጋደመው ቧንቧ ግን ፕላስቲክ ናቸው። የዚህ ዐይነት ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ የመስተዋት ክር የተቀላቀለበት ናይሎን ነው፤ ቧንቧውም በሁለት ግማሽ ተቀርጾ በስፌት የተጋጠመ ነው። ሞተሩ ጧት በርዶ ይነሣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 90 ዲግሪ ይደርሳል፤ ማታ ደግሞ ይቀዘቅዛል። በዚህ ሁሉ መስፋትና መጥበብ ላይ የውሃው ግፊት ይጨመርበታል፤ ትኩሱ ውሃና ግላይኮሉም የናይሎኑን ጥንካሬ ቀስ በቀስ ይበሉታል። ከዓመታት በኋላ ቧንቧው እንደ ድርቆሽ ተሰባሪ ይሆናል።

የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በስፌቱ ላይ ነው። አከፋፈቱም እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። በመጀመሪያ ላብ ይመስላል፤ ላቡ በትኩሱ ብረት ላይ ደርቆ የጋገረ ዝቃጭ ይተዋል፤ መኪናው ሲቆም ጣፋጭ ሽታ ይሸታል፤ ባለቤቱም በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ «መኪናዬ ውሃ ትወዳለች» እያለ ይቀልዳል። ከዚያ አንድ ቀን፤ በተጫነችበትና በጋለችበት ሰዓት፤ ስፌቱ እንዳለ ይለቃል።

በደጋ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፤ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩ ዘወትር የሚሠራበት ሙቀት ከዚሁ እምብዛም አይርቅም። በሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይፈላ የሚቆየው በግፊት ስለ ታፈነና ግላይኮል ስለ ተቀላቀለበት ብቻ ነው። ስፌቱ ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል፤ ግፊቱ ሲጠፋ የቀረው ውሃ በያለበት ይፈላል፤ እንፋሎትም የብረቱን ሙቀት እንደ ውሃ አይሸከምም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው ይህን ያስብ። ዳገቱ ሱፐርቻርጀሩን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል፤ የበረሃው ትኩሳት የራዲያተሩን ጉልበት ይቀንሰዋል፤ ከኋላ ልጆች ተቀምጠዋል፤ ከፊት ጭነት መኪና ይጎተታል፤ ዳር ይዞ ለመቆም የሚበቃ ስፍራም በየመታጠፊያው አይገኝም። የደከመ ስፌት የሚለቅበትን ቦታ ባለቤቱ አይመርጥለትም።

«የሙቀት መለኪያው ያስጠነቅቀኛል» የሚል ይኖራል። መለኪያው የሚለካው ግን ውሃውን ነው እንጂ ብረቱን አይደለም፤ ውሃው ሸሽቶ ከሄደ በኋላ እውነቱን ይናገራል ብሎ ማመን አይቻልም። በብዙዎቹ የዛሬ መኪናዎችም መርፌው ሙቀቱ ብዙ ዲግሪ ከፍና ዝቅ ቢል እንኳ ከመካከል ንቅንቅ እንዳይል ሆኖ ተሠርቷል፤ ባለቤቱ በከንቱ እንዳይሰጋ ነው ይባላል። ስለዚህ መርፌው እንደ ቤተ መንግሥት አሞጋሽ ክፉውን ወሬ የሚያወራው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የአሉሚኒየሙ ቴስታታ ተጣሟል፤ ጓርኒሲዮኑም ተቃጥሏል። የጠፋውም ቧንቧ አይደለም፤ ሞተር ነው።

የፋብሪካውን መሐንዲሶች ሞኞች ናቸው አልልም፤ እንዲህ የሚል ሰው ራሱ ሞኝ ነው። ፕላስቲክ ቀላል ነው፤ አይዝግም፤ በተፈለገው ጠማማ መልክ በአንድ ጊዜ ይቀረጻል፤ ዋጋውም ያንሳል። የትርፍ ውሃው ጋን ፕላስቲክ ቢሆን ቅር አይለኝም፤ ከላይ ስለ ተቀመጠ ሲሰነጠቅ ይታያል፤ በጥቂት ደቂቃም ይለወጣል። በሱፐርቻርጀር ሥር የተቀበረው ቧንቧ ግን አይታይም፤ እርሱ ዘንድ ለመድረስም ሱፐርቻርጀሩን እንዳለ ማንሣት ግድ ይሆናል። ክርክሬ ይኸው ነው፦ ለመድረስ የሞተሩን ግማሽ መፍታት በሚያስፈልግበት ስፍራ ከሞተሩ ዕድሜ ያነሰ ዕድሜ ያለው ዕቃ ማስቀመጥ አይገባም። ፋብሪካው በአንዱ ቧንቧ ያተረፈው ጥቂት ገንዘብ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ባለቤት ኪስ በብዙ እጥፍ ይወጣል። እነዚህ ሰዎች ግን አዲሱ መኪና ሲሸጥ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበሩም።

ይሁን እንጂ የፋብሪካው ጥፋት ሩቅ ነው፤ እኔን የሚያስቆጣኝ የቅርቡ ነው። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ በሄድኩበት ጋራዥ እንዲህ ያለ ሞተር ተፈትቶ አየሁ። ሱፐርቻርጀሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የኋላው ቧንቧ በስፌቱ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለበት። ወጣቱ መካኒክ ባለቤቱን «ጋሼ፤ እንደ እኔ ቢሆን የአሉሚኒየሙን አስመጥተን ብንገጥምልዎት ይሻላል፤ ይህ ሥራ ሁለተኛ አይመለስብዎትም» አላቸው። ባለቤቱም ሊስማሙ ነበር። ይህን ጊዜ የጋራዡ ባለቤት ከቢሮው ወጣና «ተወው አንተ! ፋብሪካው ካስቀመጠው አትለፍ። ጋሼ፤ ያንኑ ፕላስቲኩን እናድርግልዎና በሦስት ወር ውስጥ ይሽጡት፤ ከዚያ ወዲያ የገዢው ዕዳ ነው» አለ። በዙሪያው የነበሩትም ብልሃት የሰሙ ያህል ሣቁ። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እስቲ ይህን ንግግር እንመርምረው። «ፋብሪካው ካስቀመጠው አትለፍ» የሚለው ቃል ሲሰሙት የዐዋቂ ትሕትና ይመስላል። ዳሩ ግን የፋብሪካው ቧንቧ ተሰንጥቆ በእጁ ላይ አለ። የተሰነጠቀ ዕቃ ይዞ ስለ ሠሪው ፍጹምነት መስበክ ትሕትና ሳይሆን ስንፍና ነው። በመላው ዓለም የዚህ ሞተር ባለቤቶችና መካኒኮች ፕላስቲኩን አውጥተው የአሉሚኒየም ቧንቧ የሚገጥሙት ፋብሪካውን ስለ ናቁ አይደለም፤ ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ስለ ሰለቻቸው ነው።

ስለ ዋጋ የሚነሣው ክርክር ከዚህ የተሻለ ነው፤ ገንዘብ ያነሰውን ሰው አልነቅፍም። ነገር ግን የዚህ ሥራ ዋና ወጪ ቧንቧው አይደለም፤ ሱፐርቻርጀሩን አንሥቶ የመመለሱ የእጅ ዋጋ ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከድካሙ ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ለጉድጓዱ ቁፋሮ ከፍሎ በጉድጓዱ ውስጥ የሚቀበረውን የሚሰስት ሰው የቆጠበው ምንድን ነው?

«በሦስት ወር ይሽጡት» የሚለው ግን ክርክር አይደለም፤ ሌብነት ነው። ሌባው እጁን ወደ ሌላው ኪስ የሚሰደው ወደ ፊት በሚመጣ ቀን ስለ ሆነ ብቻ አይታወቅበትም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፤ በአገር ውስጥ ያሉት ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወራቸው የማይቀር ነገር ሆኗል። እንግዲህ «ገዢው» የተባለው ማን ነው? የጋራዡ ባለቤት የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜውን ሙሉ አጠራቅሞ አንድ ጊዜ ደኅና መኪና ልንዳ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። ገዢው ሞተሩ ታጥቦ ሲያበራ ያየዋል፤ ስፌቱን ግን አያየውም። ያ ዓባይ በረሃ ላይ የሚቆመው ሰው እርሱ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ፕላስቲኩን እንኳ ሳይለውጥ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ከውሃው ጋራ ቀላቅሎ የሚያፈስ ሰው አለ። ያ ፈሳሽ የስፌቱን ስንጥቅ ለይቶ አያውቅም፤ ጠባብ መተላለፊያ ባገኘበት ሁሉ ሊረጋ ይችላል፤ የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጭን ቱቦዎች ሲደፍን ሞተሩን ሌላ በሽታ ይጨምርበታል። ስለ እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ቀለም ማባከን አልፈልግም።

አሉሚኒየም የተባለ ሁሉ ደግሞ መልካም ነው አልልም። ቀለበቱ የሚቀመጥበት ፊት ያልተስተካከለ፤ ፍንጣሪው ያልተጠረገ መናኛ ቅርጽ አስመስሎ የሚሸጥ ነጋዴ ሞልቷል፤ ይህን የሚገጥም ሰው ከፕላስቲኩ ፈጥኖ ያፈስሳል። ገና ሳይገጠም ፊቱን በጣት መዳሰስ፤ ውስጡን በብርሃን ማየት ያስፈልጋል። የጎማ ቀለበቶቹ አዲስ ይሁኑ። የፊተኛው ተሰንጥቆ የኋለኛው ደኅና ቢመስልም ሁለቱ አብረው ስለ አረጁ አብረው ይውጡ፤ ፕላስቲክ የሆነው የቴርሞስታት ቤትና የውሃ ፓምፑም በዚያው ጊዜ ይመርመሩ። ሱፐርቻርጀሩ ሲነሣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስዱት ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈኑ፤ በዚያ የወደቀች አንዲት ቡሎን ከቧንቧው ሁሉ የበለጠ ጥፋት ታመጣለች። በሱፐርቻርጀሩ አፍንጫ ውስጥ ያለው ማገናኛም በዚያው ይታይ፤ ሲያረጅ የሚንኳኳ እርሱ ነውና። ጓርኒሲዮኑ ይለወጥ፤ ቡሎኖቹም በክንድ ግምት ሳይሆን ጥብቀት በሚለካ ቁልፍ ይጥበቁ።

ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ በእጅ ፓምፕ ግፊት ተሰጥቶት ይቆይ፤ መርፌው ከወረደ የሚያፈስ አለ ማለት ነው። በውስጡ የቀረው አየር በሚገባ ይውጣ፤ በቴስታታው ውስጥ የታፈነ አየር ያን ስፍራ ያለ ውሃ ያስቀረዋልና። ከዚያም ለአሉሚኒየም የተዘጋጀው ፈሳሽ በልኩ ይጨመር። ከቦኖ የተቀዳ ውሃ ብቻ የሚሞላ ሰው አዲሱን ቧንቧ ራሱ ያስበላዋል፤ ኋላም «አሉሚኒየምም ያው ነው» እያለ ይመሰክርበታል።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ምሥጢር የለውም። ያ ወጣት መካኒክ ሁሉንም ያውቀው ነበር። ስለ እርሱ ሳስብ ከገዢው ይልቅ የሚያሳዝነኝ እርሱ ነው። ትክክለኛውን ነገር ደጋግሞ ተናግሮ በየጊዜው የሚሣቅበት ሠራተኛ አንድ ቀን መናገሩን ይተዋል፤ ከዚያም ሣቂ ይሆናል፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ የራሱን ጋራዥ ከፍቶ «በሦስት ወር ይሽጡት» የሚለው እርሱ ይሆናል። ጌታው በዚያ ቀን የሰነጠቀው ቧንቧ ብቻ አልነበረም።

መኪናቸውን ለሚያሠሩት የምለው አጭር ነው። ወደ ጋራዥ ስትሄዱ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ልትገጥሙልኝ ነው?» በሉ። ሥራው ሲያልቅ የወጣውን አሮጌ ቧንቧ በእጃችሁ ስጡን ብላችሁ ጠይቁ፤ ስፌቱን ራሳችሁ እዩት። መኪናውን የምትሸጡም ብትሆኑ ያን ቧንቧ አትጣሉት፤ የገዛችሁበትን ደረሰኝም ከእርሱ ጋራ አኑሩት። ገዢው ሲመጣ ከቁልፉ ጋራ አብራችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት።