ፈልግ፣ አፍርስ፣ ገንባ

ባለፈው ሴሜስተር ማኅበራችን ባዘጋጀው የሙዚቃ ምሽት አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ማሲንቆውን ከኤሌክትሪክ ማጉያ ጋር አያይዞ ተጫወተ። ድምፁ አንዴ ሲያለቅስ፣ አንዴ ሲያጓራ አዳራሹን ሞላው። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አባት ራሳቸውን እየነቀነቁ «ይኼማ የእኛ አይደለም» አሉ። ከኋላዬ ደግሞ አንዲት ተማሪ ለጓደኛዋ «አሪፍ ነው፤ ግን በዕብራይስጥ ቢዘፍንበት ሬዲዮ ላይ ይወጣ ነበር» ስትል ሰማሁ። የልጁ አምስት ደቂቃ አለቀና ከመድረክ ወረደ።

ሁለቱ አስተያየቶች የሚቃረኑ ይመስላሉ። አንዱ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ሌላው ወደ ፊት ይገፋል። እኔ ግን አንድ ሆነው ታዩኝ፤ ሁለቱም ልጁ ምን እየፈለገ እንደሆነ አልጠየቁትም። ይህን ነገር በደንብ የገባኝ ከእኛ ሠፈር በጣም የራቀ ባንድ ሳዳምጥ ነው። ባንዱ በ1970ዎቹ በፖላንድ ጃዝንና ሮክን አዋህዶ የተጫወተው ኤስ ቢ ቢ ነው። ያስተዋወቀኝ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሲሆን አያቱ የዚያ አገር ሰው ናቸው።

አብዛኞቻችን ፖላንድን የምናውቃት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን መጨረሻ በምናደርገው ጉዞ ነው። አውሽቪትዝን አይተን፣ ሻማ አብርተን፣ ዝም ብለን ወደ አውቶቡሳችን እንመለሳለን። እኔም እንዲሁ ተመልሻለሁ። ያ ጉዞ ያስተማረኝን ሌላ ምንም ነገር ሊያስተምረኝ አይችልም። ሆኖም በዚያች አገር ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱ ልጆች ምን ሲሠሩ፣ ምን ሲያዳምጡ እንዳደጉ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከአውሽቪትዝ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ሼሚያኖቪትሴ የምትባል ከተማ አለች። ከካቶቪትሴ ጋር የተያያዘች፣ በድንጋይ ከሰልና በብረት ማቅለጫ የኖረች የሲሌዚያ ከተማ ናት። ኤስ ቢ ቢ የተመሠረተው እዚያ ነው።

በ1971 ሦስት ወጣቶች «ሲሌዚያን ብሉዝ ባንድ» የሚል ስም ይዘው ተነሡ። ዮዜፍ ስክሼክ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ይጫወታል፤ ይዘፍናልም። ዬዢ ፒዮትሮቭስኪ ድራም ይመታል። ጊታር የያዘው አፖስቶሊስ አንቲሞስ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ስሙ የፖላንድ ስም አይደለም። ከግሪክ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ግሪኮች ወደ ፖላንድ ገብተው ነበር፤ እርሱም ከግሪክ ቤተሰብ በዚያችው በሼሚያኖቪትሴ የተወለደ ነው። እንግዲህ ዛሬ «የፖላንድ ድምፅ» እየተባለ በሚሞገሰው ሙዚቃ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ልጅ ጣቶች አሉበት።

የተነሡበትም ሙዚቃ የራሳቸው አልነበረም። ብሉዝ የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ነው። ጃዝም ቢሆን በፖላንድ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ የአሜሪካ ነው ተብሎ በመንግሥት ዓይን የተጠላ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በሩ ተከፈተ። ከ1958 ጀምሮ ዋርሶ ላይ ጃዝ ጃምቦሪ የተባለው ፌስቲቫል ይካሄድ ጀመር፤ በ1968 ደግሞ የካቶቪትሴ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የጃዝ ክፍል ከፈተ። የከሰል ከተማ ልጆች ብሉዝ ሲጫወቱ «የእናንተ አይደለም» የሚላቸው ቢመጣ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ መልስ አልነበራቸውም። መልሱን ያገኙት እየተጫወቱ ነው።

ብዙም ሳይቆዩ በፖላንድ ስመ ጥር ከነበረው ዘፋኝ ከቼስዋቭ ኒዬሜን ጋር ተቀላቀሉ። ከእርሱ ጋር በ1972 በምዕራብ ጀርመን የወጣውን «ስትሬንጅ ኢዝ ዚስ ወርልድ»ን ጨምሮ ብዙ ሸክላዎች ቀዱ። ኒዬሜን የሦስትና የአራት ደቂቃ ዘፈን የሰለቸው ሰው ነበር። ከእርሱ ጋር በቆዩበት ጊዜ አንድን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ይዞ መጓዝን፣ ዜማውን በዚያው ቅጽበት እየፈጠሩ መጫወትን ተለማመዱ። ከዚያ ተለይተው በራሳቸው ሲቆሙ የስማቸውን ሦስት ፊደላት አልቀየሩም፤ ትርጉሙን ግን ቀየሩት። ኤስ ቢ ቢ ከዚያ በኋላ «ሹካይ፣ ቡሽ፣ ቡዱይ» ሆነ፤ በእኛ ቋንቋ «ፈልግ፣ አፍርስ፣ ገንባ» ማለት ነው። ፊደሉ ያው፣ ትርጉሙ አዲስ። ስለ ለውጥ የሚጻፍ አንድ መጽሐፍ ሙሉ ሐሳብ በዚህ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያ ሸክላቸው የተቀዳው በሚያዝያ 1974 በዋርሶ ነው። ቦታውን ልብ በሉልኝ፤ ስቶዶዋ የተባለ የተማሪዎች ክበብ ነው። በቀጥታ ከመድረክ የተቀዳ በመሆኑ ሙዚቃው ሸካራና ቁጡ ነው፤ ጊታሩና ቤዙ ይጣላሉ፣ ድራሙ አያስታርቃቸውም። የብሉዙ ሥር ገና ይታያል፤ ቅርንጫፉ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ መሄድ ጀምሯል።

በ1975 የወጣው «ኖቪ ሆሪዞንት» ማለትም «አዲስ አድማስ» በስቱዲዮ የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ማፍረሱ ይጀምራል። የሸክላው ሁለተኛ ገጽ በሙሉ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚሄድ አንድ ሥራ ነው። ርዕሱ «ነፃነት ከእኛ ጋር» ይላል፤ በዚያ ዘመን በኮሚኒስት አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ርዕስ ይዞ መውጣት ቀላል ቃል አልነበረም። ሥራው የተለመደውን የዘፈን ቅርፅ ይተወዋል። አዝማች ጠብቃችሁ ከሰማችሁት ትበሳጫላችሁ። ከቁጡው የመድረክ ድምፅ በኋላ ይህን የሰማ አድማጭ «ምን ነካቸው?» ቢል አልፈርድበትም። የሚፈርስ ነገር ስታዩ ምን ሊሠራበት እንደታሰበ አይታያችሁም።

የተሠራው በ1976 ታየ። ሸክላው «ፓምዬንች» ይባላል፤ «ትዝታ» ወይም «መታሰቢያ» ልንለው እንችላለን። በውስጡ ሦስት ሥራዎች ብቻ አሉ። የመጀመሪያው «በእጆችህ እቅፍ ውስጥ» የሚል ሲሆን ለአባት የተሰጠ ነው። ሁለተኛው «ደሜ ከማን ደም» የሚል ስሜት ያለው ርዕስ አለው። ሦስተኛው፣ ሃያ ደቂቃ የሚጠጋው፣ «ትዝታ ወደ ድንጋይ ይበቅላል» እንደማለት ነው። የስክሼክ ፒያኖና ሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር ከፊት መጥተዋል። ጊታሩ መጮህ ትቶ መናገር ጀምሯል። ድራሙ እንደ እስትንፋስ ይወጣል፣ ይገባል። ዜማዎቹ ረጅምና ዘገምተኛ ናቸው፤ ዝምታም ቦታ ተሰጥቶታል።

ክርክሬ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። «ፓምዬንች» ከ1971ዱ ብሉዝ እጅግ የራቀው ሸክላቸው ነው፤ ለቤታቸው ግን ከሁሉም የቀረበው እርሱ ነው። አባት፣ ደምና ድንጋይ፣ ከምድር ውስጥ ከሰል ቆፍሮ ለሚኖር ሕዝብ የሩቅ ቃላት አይደሉም። ሙግ የአሜሪካ መሣሪያ ነው፤ ጃዝና ሮክም ከውጭ የመጡ ናቸው። ያም ሆኖ ያንን ሸክላ ከሌላ አገር ሊያወጣው የሚችል ባንድ አላውቅም። በ1974 ቆመው ቢቀሩ ኖሮ፣ አድናቂዎቻቸው ደስ ይላቸው ይሆናል፤ ወደ አባቶቻቸው ግን አይደርሱም ነበር።

በ1977 ሁለት ረጃጅም ሥራዎች ብቻ፣ በየገጹ አንድ አንድ፣ የያዘ ሌላ ሸክላ አወጡ። ርዕሱ «ቃል ይዤ ወደ አንተ እሮጣለሁ» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ወደ ውጭ ያመራል። በ1978 «ፎሎው ማይ ድሪም»፣ በ1979 ደግሞ «ዌልካም» ወጡ። ግጥሙ እንግሊዝኛ ሆነ። በ«ዌልካም» ላይ ሥራዎቹ አጠሩ፤ ድምፁ ጸዳ፣ ለሰለሰ። አጨዋወታቸው አሁንም ድንቅ ነው፤ «ፎሎው ማይ ድሪም» ውስጥ ያሉት ረጃጅም ጉዞዎች ደጋግሜ የምሰማቸው ናቸው። «ዌልካም»ን ስሰማ ግን ድምፃዊው የተውሶ ኮት የለበሰ ይመስለኛል። ኮቱ ያምራል፤ እጅጌው ግን አይደርስለትም።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ እንደምትይዙኝ አውቃለሁ። «አንተም እኮ እንደ እኚያ አባት የእነርሱ አይደለም እያልክ ነው» ትሉኛላችሁ። አይደለም። መለኪያዬ የቋንቋው ባለቤትነት ቢሆን ኖሮ ብሉዙንም ሙግንም መጣል ነበረብኝ። የምጠይቀው ጥያቄ ለውጡ ከየት መጣ የሚል ነው። እስከ 1977 ድረስ እያንዳንዱ ሸክላ ከፊተኛው ሸክላ ውስጥ ለተነሣ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ቁጣውን ማን ይይዘዋል? ቅርፁ ከፈረሰ በኋላ ምን ይቀራል? በ«ዌልካም» ላይ ግን የሚሰማኝ ጥያቄ «እንዴት ብንሆን ይወዱናል?» የሚለው ነው። ያም ሆኖ ሰዎቹን አልወቅስም። ሸክላ የሚያሳትመው መንግሥት በሆነበት አገር ለሚኖር ሙዚቀኛ የምዕራቡ መንገድ እንጀራም ነበር። የምፈርደው በጆሮዬ በሰማሁት ላይ ብቻ ነው።

እነርሱም ራሳቸው ዝም ብለው አልቀሩም። በ1980 ስዋቮሚር ፒቮቫር የተባለ ሌላ ጊታሪስት ጨምረው፣ አራት ሆነው፣ ወደ ፖላንድኛና ወደ ረጅሙ ሥራ ተመለሱ። «ሜሜንቶ» ብለን በአጭሩ የምንጠራው ያ ሸክላ በ1981 ሲወጣ ባንዱ ተበትኖ ነበር። የሚወዱት ሰው ከሄደ በኋላ እንደሚደርስ ደብዳቤ ነው። ዓመታት አልፈው እንደገና ሲገናኙም የድሮውን ብቻ እየደገሙ አልኖሩም። ከ2000 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ድራሙ ላይ የተቀመጠው በፓት ሜቴኒ ግሩፕ ውስጥ ይጫወት የነበረው አሜሪካዊው ፖል ወርቲኮ ነው። የእርሱ ምት ቀላልና አየር ያለው ስለነበር ያው ሙዚቃ ሌላ አካሄድ ያዘ። በ2014 ደግሞ ፒዮትሮቭስኪ ራሱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሁን ወደ ማሲንቆው ልጅ ልመለስ። በእኔ አስተያየት የሦስቱ ቃላት ቅደም ተከተል ትልቅ ቁም ነገር አለው። እኚያ አባት ማፍረሱ እንዲዘለል ይፈልጋሉ። ስለሚፈሩ ነው፤ ፍርሃታቸውም ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ በዚህ አገር ብዙ ነገራቸው ሳይጠየቁ ሲፈርስ አይተዋል። ከኋላዬ የነበረችው ተማሪ ፍለጋው እንዲዘለልና በሌላ ሰው ልክ ቶሎ እንዲገነባ ትፈልጋለች። እርሷንም አልፈርድባትም፤ ለመወደድ መጓጓት የሁላችንም ነው። እኛ ወጣቶቹ ደግሞ ሌላ በሽታ አለብን። ሳንፈልግ እናፈርስና ፍርስራሹን «ጥበብ» ብለን እንጠራዋለን። ማሲንቆን ከማጉያ ጋር ማያያዝ በራሱ መልስ አይደለም። ጥያቄው ሲያያዝ ምን ተሰማ፣ ቀጥሎስ የት ይደርሳል የሚለው ነው። ይህ በአምስት ደቂቃ አይመለስም። ኤስ ቢ ቢ ከስሙ እስከ «ፓምዬንች» አምስት ዓመት ፈጅቶበታል።

ስቶዶዋ የተማሪዎች ክበብ እንደነበር ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ያ ሸካራ ድምፅ መጀመሪያ ቦታ ያገኘው እንደ እኛ ፈተና ያለባቸው፣ እንደ እኛ ገንዘብ የሌላቸው ልጆች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ነው። ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚቀጥለው የሙዚቃ ምሽት ለሁሉም አምስት አምስት ደቂቃ ከማከፋፈል፣ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ባንድ ሃያ ደቂቃ እንስጥ። ያንን ልጅ መልሰን እንጥራው። ሲጨርስ መብራቱን አብርተን ወንበሩን ከመሰብሰባችን በፊት ቁጭ ብለን እንጠይቀው፤ ምን እየፈለግህ ነው? እኚያን አባትም እንጥራቸውና ከማሲንቆው ድምፅ የጎደለባቸው ምን እንደሆነ ይንገሩት። እርሳቸው የሚያውቁትን እርሱ ገና አያውቀውም፤ ሳያውቀው ደግሞ ምን እያፈረሰ እንደሆነ አይገባውም።

እስከዚያው «ፓምዬንች»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ስልካችሁን ራቅ አድርጋችሁ አዳምጡት። አርባ ደቂቃ አይሞላም። ቋንቋውን አታውቁትም፤ እኔም አላውቀውም። አባቱን የሚፈልግ ልጅ ድምፅ ግን ትለያላችሁ።