የአያቴ ዕድሜና የድሮ ጋዜጣ



በአያቴ መታወቂያ ላይ የተጻፈው የትውልድ ዘመን 1945 ዓ.ም. ነው። ይህን ዓመት የመረጠው ፊታቸውን አይቶ የገመተው ጸሓፊ ነው እንጂ እርሳቸው አይደሉም። እርሳቸውማ ሲጠየቁ፤ «በሚችሌ ጦርነት ጊዜ ገና ጡት አልጣልሁም ነበር፤ እናቴ አዝላኝ እንሰት ውስጥ ተደበቀች» ነው የሚሉት። እኔም ይህን እንደ ተረት ስሰማው ኖሬአለሁ።

ዘንድሮ ግን በቤተ መጻሕፍት የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የኢትዮጵያ ታሪክ ሳገላብጥ፤ የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ የተነሡት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 መሆኑን አነበብሁ። ይህም በእኛ 1952 ወይም የ1953 መጀመሪያ ነው። ጡት ያልጣለ ሕፃን ቢበዛ ሁለት ዓመት ቢሆነው፤ አያቴ አምስት ስድስት ዓመት ያህል ያለ ዕዳቸው አርጅተዋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ የቤተ ሰቡን ታሪክ ከሽማግሌ አፍም ከወረቀትም መፈለግ አለበት ወደሚል አሳብ የደረስሁት። ወረቀቱ የለም እንዳይባል አለ። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ተጀመረ፤ «አዲስ ዘመን» ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ወጣ፤ «ነጋሪት ጋዜጣ» በ1934 ዓ.ም. ተከተለ። እነዚህን የሚሻ ሰው አዲስ አበባ ወደ ወመዘክር፤ ወይም ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መሄድ ይችላል። መንገዱ ከዲላ ሩቅ ነው፤ ቢሆንም ለሠርግ የሚሄድ ዘመድ አይጠፋም።

ፈላጊው ትልልቁን ወሬ ትቶ ትንንሹን ማስታወቂያ ይመልከት፤ ሹመቱን፤ የፍርድ ቤት ጥሪውን፤ የውርስ ክርክሩን። ደግሞም በዚያ ዘመን አገራችን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ «ደራሳ» ተብሎ ይጻፍ እንደ ነበር አይርሳ። «ጌዴኦ» የሚለውን ብቻ የሚፈልግ ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል።

አንድ ጓደኛዬ ግን «ጋዜጣው የጭሰኛን ስም መቼ ጻፈና!» ሲል ተከራከረኝ። እውነቱን ነው። አያቱ የተሾመለት ልጅ ከእኔ ይልቅ ብዙ ያገኛል። የእኔ ቅድመ አያት ቡናውን ለባለርስት ሲያካፍል ስሙን የመዘገበለት ጋዜጠኛ አልነበረም። ነገር ግን ሰባቱን ጎሣና ሁለቱን ቤት ለይተው፤ ማን ከማን እንደ ተወለደ የሚቈጥሩ ሽማግሌዎች በሶንጎ አሉን። እነርሱ ስሙን ያውቃሉ፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን አይሉም። ጋዜጣው ደግሞ ዓመቱን ይዞ ስሙን ይተወዋል። ስለዚህ አንዱን ይዞ ሌላውን መናቅ አይገባም እላለሁ፤ ሽማግሌዎቹም እኛን አይጠብቁም።

የሚያሳዝነኝ በእጃችን ያለውን ማጥፋታችን ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በደረሰው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ሲፈናቀል ስንት የቤተ ሰብ ወረቀትና ፎቶግራፍ እንደ ጠፋ እግዚአብሔር ይወቀው። ያን ማንም አልፈለገውም። የገበያው ግን በገዛ እጃችን ነው፤ እኔ ራሴ በርበሬ የተጠቀለለበትን የድሮ ጋዜጣ ፈትቼ ግማሽ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ አንብቤአለሁ። የተጠራው ሰውዬ ስም በቅባት ጠፍቶ ነበር።

የቤተ መጻሕፍታችን ኀላፊዎች አንድ መደርደሪያ ቢለዩልን፤ ወላጆችም በሣጥን ያለውን የድሮ ጋዜጣ፤ የግብር ደረሰኝና ደብዳቤ ከመጣል ይልቅ ቢልኩልን እለምናለሁ። ማውጫውን እኛ ተማሪዎች እንጽፋለን።

የመታወቂያውን ማረሚያ ማመልከቻ ጽፌ ለአያቴ አነበብሁላቸው። «እንግዲያው ገና ልጅ ነኛ!» ብለው ሣቁና የጣት አሻራቸውን አኖሩበት።