ከቁሌት እስከ በረካ



ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በመንገድም በለቅሶ ቤትም የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሲስተር፣ ጤናዬን ለመጠበቅ በየቀኑ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። ብዙዎች መልሱን ከመድኃኒት ቤት ይጠብቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ በዋለው መተዳደሪያው ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ አይደለም ይላል፤ በአካል፣ በአእምሮና በማኅበራዊ ኑሮ ደኅና መሆን ነው። አባቶቻችን ደግሞ ነፍስን ይጨምሩበታል።

ሥጋን፣ አእምሮን፣ ልብንና ነፍስን አንድ ላይ የሚመግብ ልማድ በየቤታችን አለ፤ ቡናችን ነው። እዚህ ጅማ፣ ቡና በደጃችን በሚበቅልበት አገር፣ ይህን ለመናገር ማፈር የለብኝም። የሚያሳስበኝ ልማዱ እየሳሳ መምጣቱ ነው። በእኛ በቦሳ አዲስ እንኳ አንዱ ቴሌቪዥን፣ ሌላው ስልኩን እያየ፣ ጎረቤትም ሳይጠራ ሲኒው የሚታጠብበት ቤት በዝቷል። ስለዚህ ዛሬ ከቁሌቱ እስከ በረካው አብረን እንሂድ።

ቁሌቱ ላይ ስለ ሥጋችን እናስብ። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፤ ወደ ቤት ሲገባም በርና መስኮት ይከፈት። የከሰል ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፤ ሲብስ ይገድላል። ፍም ባለበት ክፍል ማንም አይተኛ። ጎረቤት መጥራት ሲያስፈልግ ደግሞ ስልክ ከመደወል በእግር ሄዳችሁ ጥሩ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነትን የሚያሞቅ እንቅስቃሴ ነው፤ በቀን 30 ደቂቃ፣ ለ5 ቀን ማለት ነው። ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል።

«ቡና ዳቦ ነው» ይባላል፤ ለሆድ ግን ዳቦ አይሆንም። ምሳቸውን ትተው በሦስት ሲኒ የሚውሉ አያቶችን አውቃለሁ። የቡና ቁርሱ ይኑር፤ ጥርስ ላለው ቆሎ፣ ለሌለው ንፍሮ ወይም የተቀቀለ ጎደሬ። ቡና ከምግብ የምናገኘው ብረት በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደርግ፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና ደም ማነስ ያለባቸው ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ መልካም ነው። ቡናችሁን በጨው የምትጠጡ ደግሞ የቀን ጨው በጠቅላላው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳያልፍ አስታውሱ፤ ወጡም ጨው አለው። ሰዓቱንም አስቡበት። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ጠጥቶ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚል ሰው ምክንያቱን ከሲኒው ይፈልግ።

አቦሉ ሲቀዳ ተራው የአእምሮ ነው። ስልክ ሁሉ ከረከቦቱ ይራቅ። ከጥቅምት ጀምሮ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ ለቀማ ሲደርስ ወላጅ ማሳ ይውላል፤ ልጆቹ ከአያት እጅ ናቸው። እነዚያን ልጆች አስቀምጡና እሸት ቡናን ከጀንፈል ለይተው ያሳዩአችሁ፤ ቤተሰቡ ከየት ተነሥቶ ወደ ጅማ እንደመጣ ንገሯቸው፤ እነሱም በትምህርት ቤት የተማሩትን ይንገሯችሁ። ልጁ ቃልና ታሪክ ያገኛል፤ የአያትም አእምሮ ሥራ አይፈታም። ከሰው መራቅ በእርጅና ለሚመጣው የመርሳት ሕመም ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ እንደሆነ አትርሱ።

ቶናው የልብ ነው። በዚህ ጊዜ «ደኅና ነህ?» ብሎ ማለፍ አይበቃም። «እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምግብ ይበላልሃል? ምን አሳሰበህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ሳትቸኩሉ ስሙ። ቶሎ ምክር አትስጡ። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም አንዲት ታካሚው ለአውቶብስ የምትከፍለው አጥታ ወደ ሆስፒታል ሳትመጣ ሕይወቷን አጠፋች። እሱም ሕክምናውን ወደ ሰፈር ለማውረድ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ 14 አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ ሥራቸው የተጨነቀን ሰው ማዳመጥና ችግሩን አብሮ መፍታት ነበር። በአገራቸው ቋንቋ ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት እንደማለት ነው። በ2016 የታተመ ጥናት እነዚህ አያቶች ያነጋገሯቸው ሰዎች ከ6 ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ እንደተሻላቸው አሳይቷል።

እኛ አግዳሚው ተሠርቶልናል፤ ዱካው ከረከቦቱ ዙሪያ ነው። ሥልጠና የላችሁም፤ ማስተዋል ግን ትችላላችሁ። ጎረቤታችሁ ከቡና መቅረት ካበዛ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከከፋው፣ ምግብና እንቅልፍ ከራቁት፣ ሁልጊዜ ራሱንና ወገቡን የሚያመው ከሆነ፣ «አርጅቷል» ብላችሁ አትለፉት። ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ። በጅማ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

በረካው የነፍስ ነው። ቃሉ ራሱ ከዐረብኛው ባረካ የመጣ ነው፤ በረከት ማለት ነው። በእኛ ሰፈር በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም ይቀመጣል። ምርቃቱ በኦሮምኛም በአማርኛም ይምጣ፤ አሜን የሚለው አፍ አንድ ነው። ልጆች ሳይመረቁ አይነሡ። ቅያሜ ያለባቸው ጎረቤቶች ካሉ ትልቁ ሰው በዚህ ሰዓት ያንሣው። ቂም ይዞ የሚያድር ሰው እንቅልፍም አያገኝም፤ ይህን ሌሊት ተረኛ ሆኜ ብዙ አይቻለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ኑሮው ተወድዷል፤ ቡናው ራሱ ስንት ገባ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ቡና አብቃዩ አገር ሆነንም በስኒ የምንቆጥርበት ጊዜ አለ። በየቀኑ ማፍላት ካልተቻለ ሦስት ቤት ሆናችሁ በተራ አፍሉ። ቡና የማይስማማው ሰው የጤና አዳም ሻይ ይዞ ይቀመጥ፤ ዋናው መቀመጡ ነው።

ለዚህ ሳምንት የምሰጣችሁ የቤት ሥራ ይኸው ነው፦ በቅርብ ከቡናችሁ የቀረ አንድ ሰው አስቡ። ነገ ልጅ አትላኩበት፤ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጥሩት። በሳምንቱ እስክንገናኝ ጤና ይስጥልኝ።