ካረጠች በኋላ ማን ይጠይቃታል?

በጤና ጣቢያዎቻችን ሴት የምትፈለገው መውለድ እስከምትችል ድረስ ነው። ለእርግዝና ክትትል ትጠራለች፤ ጤና ተቋም እንድትወልድ ትመከራለች፤ ለልጇ ክትባት፣ ለቤተሰብ ምጣኔ ቀጠሮ ይያዝላታል። የወር አበባዋ ከሄደ በኋላ ግን የሚፈልጋት የለም። ጥሪው የሚቋረጠው ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ አንጎሏ ትልቅ ለውጥ በሚያስተናግድበት ሰዓት ነው። ይህን ዝም ብለን ማለፋችን ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

ገርጂ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ጎረቤት አለችኝ። ሃምሳ አልሞላትም። አንድ ቀን ቡና ላይ፣ ልጆቿ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የእማዬ በሽታ ጀመረኝ መሰለኝ» አለችኝ። እናቷ በመጨረሻ ዓመታቸው የገዛ ልጃቸውን መለየት አቅቷቸው ነው ያረፉት። እሷ ደግሞ አሁን የምታውቀው ሰው ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ይቀርባታል፤ ሒሳብ ስትደምር መሐል ላይ ይጠፋባታል፤ ሌሊት ላብ አጥምቋት ጋቢዋን ወርውራ መስኮት ትከፍታለች። ክሊኒክ ሄዳ «ጭንቀት ነው» ተብላለች። ጠበልም ተጠምቃለች። ስለ ወር አበባዋ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። ሲቀርና ሲመጣ ዓመት ሆኖታል።

ማረጥ በእኛ ዘንድ ክፉ ዜና ብቻ አይደለም። ቦሌ መድኃኔዓለም ወይም ገርጂ ጊዮርጊስ የሚያስቀድሱ እናቶችን ብትጠይቁ፣ ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ቀን አለመቁጠራቸውን በእፎይታ ይነግሯችኋል። ቆብ ደፍተው የሚመነኩሱም አሉ። ለነፍሷ ዕረፍት እንዳገኘች የሚነገራት ሴት ስለ አንጎሏ የሚነግራት ማጣቷ ነው ችግሩ።

ኢስትሮጅን የማኅፀን ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። ነገር ግን አንጎል ውስጥ ይህን ሆርሞን የሚቀበሉ ሴሎች ብዙ ናቸው። አዲስ ነገር በሚመዘግበው ሂፖካምፐስ አሉ፤ በሚያስበውና በሚያቅደው የፊተኛው ክፍል አሉ፤ የሰውነትን ሙቀትና እንቅልፍ በሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስም አሉ። ሆርሞኑ የአንጎል ሴሎች ስኳርን ወደ ጉልበት እንዲቀይሩና እርስ በርሳቸው እንዲገናኙ ያግዛል። ሲዋዥቅና ሲቀንስ በመጀመሪያ ከሚታወኩት አንዱ የሙቀት መቆጣጠሪያው ነው። ጎረቤቴን ሌሊት የሚቀሰቅሳት ወላፈን የሚነሣው እንግዲህ ከአንጎሏ ነው።

ወንዶቻችን ይህን በድንገት አያዩትም። ቴስቶስትሮናቸው በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚቀንሰው፤ ከእሱም ከፊሉን ሰውነታቸው፣ አንጎላቸው ጭምር፣ ወደ ኢስትሮጅን ይለውጠዋል። የሰባ ዓመት አዛውንት ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ እኩያቸው ከሆኑት ባለቤታቸው የበለጠ ኢስትሮጅን ይገኛል! በዓለም ላይ ከአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ሕሙማን ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ሴቶች ናቸው። ሴቶች ረዥም ዕድሜ መኖራቸው አንዱ ምክንያት ነው፤ ሆርሞኑም ድርሻ ይኖረው እንደሆነ ተመራማሪዎች እያጠኑ ነው። መንቀጥቀጥ የሚያመጣው ፓርኪንሰን በተቃራኒው ወንዶችን ይበልጥ ያጠቃል።

«አልዛይመርና ፓርኪንሰን የፈረንጅ በሽታ ናቸው» የሚለኝ ሰው አላጣም። እርግጥ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ላይ ባደረጉት የነርቭ በሽታዎች ጥናት፣ ፓርኪንሰን ያገኙት ከመቶ ሺህ ሰው በሰባቱ ላይ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በሽታው ወደሚታይበት ዕድሜ የሚደርሰው ሰው ያኔ ጥቂት ነበር። ዛሬ ሲኤምሲና ሰሚት፣ አያት ድረስ፣ በየፎቁ ሰማንያ ያለፉ እናቶች አሉ።

ለጎረቤቴ መጀመሪያ የነገርኳት የሚያጽናናውን ነው። አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ በማረጥ ሽግግር ወቅት አዲስ ነገር የመማር አቅም እንደሚዳከም፣ ሽግግሩ ካለፈ በኋላ ግን እንደሚመለስ አሳይቷል። ስም መርሳት፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ አላፊ ነው። ከመገናኛ ወደ ቤቷ የምትመለስበት መንገድ የጠፋባት፣ ዕድሜ ልኳን የጋገረችውን እንጀራ አሠራሩ የተምታታባት ሴት ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ መሄድ አለባት።

የቀነሰውን ሆርሞን የሚተካው መድኃኒትስ? እዚህ ላይ ዓለም ራሱ ተደናግጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ16 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴቶች የተሳተፉበት የሆርሞን ሙከራ፣ የጡት ካንሰር፣ የስትሮክና የደም መርጋት አደጋ በመጨመሩ ተቋረጠ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ሆርሞኑን የወሰዱ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሴቶች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ መጨመሩ ተገለጸ። ሐኪሞች ማዘዝ ፈሩ። በኋላ ገና ባረጡ ሴቶች ላይ ለአራት ዓመት የተደረገ ሙከራ ግን በማስታወስ አቅም ላይ ጉዳትም ጥቅምም አላገኘም። ስለዚህ ሆርሞንን የመርሳት መከላከያ ብሎ መውሰድ ስሕተት ነው። ወላፈኑ እንቅልፍ ለነሳት ሴት ግን ሕክምና እንዳለ አለመንገር፣ በእኔ እምነት፣ በደል ነው። ውሳኔው የሷና የሐኪሟ ይሁን፤ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ያጋጠማት ሴት በተለይ ትጠንቀቅ። እህቷ ከአሜሪካ በሻንጣ የላከችላትን እንክብል ሳትመረመር የምትውጥ ሴት አይቻለሁ፤ እባካችሁ ይህ ይቅር።

ኢስትሮጅን በዋናነት የሚመነጨው ከእንቁላል ማምረቻ ስለሆነ፣ ማዮማ (የማኅፀን ዕጢ) ኖሯቸው ለቀዶ ሕክምና የሚዘጋጁ ሴቶችም አንድ ጥያቄ ይዘው ይግቡ፦ «የእንቁላል ማምረቻዎቼ ይቀራሉ ወይስ ይወጣሉ?» አሜሪካ የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጥናት፣ ከማረጣቸው በፊት ማምረቻቸው የወጣባቸው ሴቶች በኋላ ለመርሳት ችግር የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል፣ ዕድሜያቸው ባነሰ መጠንም አደጋው እንደሚጨምር አሳይቷል። ማውጣት ግድ የሚሆንበት ሕመም አለ። ሳይጠየቁ መውጣቱ ነው የማይገባው።

ከሆርሞኑ ጎን ለጎን በእጃችን ያለ ብዙ ነገር አለ። የላንሴት የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስቀመጠው፣ 14 ሊስተካከሉ የሚችሉ አጋላጭ ሁኔታዎች ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት ችግር፣ ብቸኝነት፣ የአየር ብክለት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። በልጅነት አለመማርም አለበት፤ እናቶቻችን ስንቶቹ ከትምህርት ገበታ እንደቀሩ ሳስብ ልቤ ይደማል። ደም ግፊት ደግሞ ካረጡ በኋላ ከፍ ማለት ይወዳል፤ ምልክት ሳያሳይም አንጎልን ይጎዳል።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ወደ ገርጂም ወደ ጎሮም ሲመጡ በሩን የምትከፍተው ብዙ ጊዜ ሃምሳ ዓመት አካባቢ ያለች እናት ናት፤ የሚጠየቀው ግን ስለ ምራቷና ስለ ልጅ ልጇ ነው። የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ለነዚህ ባለሙያዎች አጭር ሥልጠና ይስጥና እሷንም ይጠይቋት፤ የወር አበባሽ እንዴት ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይ ይበሏት። ደም ግፊቷን ይለኩ፤ የሚያሰጋ ነገር ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኳት። ቦሌና ለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ዘንድሮ ቢጀምሩት፣ ጎረቤቴ ለሚቀጥለው ፍርሃቷ ቡና እስኪፈላ መጠበቅ የለባትም።